ትርፌ አልጋ ስር ነው

ሥራዬ ደመወዝ ነው። የምቀበለውን ማለቴ አይደለም፤ የምሠራውን። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ክፍል ተቀምጬ የሰው ደመወዝ አዘጋጃለሁ። ትርፍ ሰዓት እደምራለሁ፣ የጡረታ 7 በመቶ እቀንሳለሁ፣ የሥራ ግብር፣ የቁጠባ፣ የብድር ተቆራጭ። ወሩ 25 ሲሞላ ቀና ብዬ ሰው አላይም። የምኖረው ግን ደሴ ነው፤ ከእናቴ ጋር። ጠዋት 12፡30 ላይ ሰርቪስ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ ዳገቱን እወጣለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ዓይኔን ጨፍኜ በሆዴ እቆጥረዋለሁ።

ከዚህ ጎን ቴሌግራም ላይ ዕቃ እሸጣለሁ። ሹራብ፣ ብርድ ልብስ፣ ድሪያ፣ የልጆች ቱታ፣ አንዳንዴ ፔርሙስ። "ኦንላይን ቢዝነስ" ሲሉት ያምራል። እኛ ቤት ለመጣ ሰው ግን የሚታየው በፌስታልና በማዳበሪያ የታጨቀ አልጋ ስር ነው። ሰርቪስ ላይ የማይጠይቀኝ የለም። እንዴት ጀመርሽ? ያዋጣል? ከየት ነው የምታመጪው? ጥያቄው ጥሩ ቦታ ሲደርስ ወይ አንዱ "ወራጅ" ይላል፣ ወይ ጉሙ ይመጣና ሁላችንም ዝም ብለን መንገዱን ማየት እንጀምራለን። ቆራርጬ ከማወራው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

የጀመርኩት ጥቅምት 2015 ነው። እቁብ ወጣልኝ፤ 12,000 ብር። ያኔ እጄ ላይ የሚገባው ደመወዝ 8,200 ነበር። የቤት ኪራይ የለብንም፣ ተመስገን። የእማ መድኃኒት ግን አለ፤ ታናሽ ወንድሜም ዩኒቨርሲቲ ነበር። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ መርካቶ፣ ጣና ገበያ አካባቢ የምታውቃት አከፋፋይ ነበረች። በእሷ በኩል ሁለት ደርዘን የልጆች ሹራብ አዘዝኩ። አንዱ 310፤ 24ቱ 7,440 ብር። ለአውቶቡሱ ረዳት 300 ብር ተከፍሎት ማዳበሪያው ደሴ መነኸሪያ ደረሰ። ተሸክሜ ስገባ እማ "ምንድን ነው፣ ጤፍ ነው?" አለችኝ።

የእማን ነጠላ አልጋ ላይ አንጥፌ ሹራቦቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳሁ። ቻናል ከፈትኩ። መጀመሪያ የገቡት የሰርቪሱ ሰዎች ናቸው፤ 31 ሰው። ዋጋው 450። ጥቅምትና ኅዳር ደሴ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ጦሳ ተራራ ላይ ያደረው ብርድ ጠዋት ቁልቁል ወደ ከተማው ይወርዳል፤ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች ትከሻቸውን ጆሯቸው ድረስ ሰቅለው ነው የሚራመዱት። በሦስት ሳምንት 17 ሹራብ ሸጥኩ። ነጋዴ ሆንኩ አልኩ። ሁለት ጓደኞቼን ፒያሳ ወስጄ ማኪያቶና ኬክ ጋበዝኩ።

ከዚያ አንድ እሁድ ደብተሬን ከፈትኩ። 17 በ450 ሲባዛ 7,650። ያወጣሁት 7,740። 90 ብር ጎድሎኛል! ኬኩን ሳልጨምር።

የ400 ሰው ደመወዝ ሳንቲም ሳላዛንፍ የምሠራ ሰው ነኝ እንግዲህ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ? ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሸጠውን እንጂ የወጣውን አልቆጠርኩም ነበር። ታዲያ ትርፉ የት ሄደ? የትም አልሄደም። አልጋ ስር ነው። የቀሩት 7 ሹራቦች ናቸው ትርፌ። እነሱ ካልተሸጡ ሦስት ሳምንት የለፋሁት በነፃ ነው።

የቀሩት ደግሞ ሁሉም ትንንሾቹ ናቸው። ደርዘኑ ሲታሸግ ሳይዙ ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው፤ ትልልቁን ብቻ ስጡኝ ማለት የለም። ሰው ትልልቁን ያነሳል፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የሚሆነው ይቀራል። እናት ለሕፃን ልጇ ሹራብ አትገዛም፤ አራስ ጠያቂው ይዞላት ይመጣል። አራስ ጠያቂ ደግሞ ቴሌግራም ገብቶ አይፈልግም። መንገድ ላይ ካገኘው ሱቅ ጎራ ብሎ፣ አስጠቅልሎ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህን ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ያወጣኝ ሐረጎ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ያለው። ቁልቁለቱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ሰርቪስ ስንጠብቅ ሁላችንም ተጠቅልለናል፤ አፍ ሲከፈት እንፋሎት ነው የሚወጣው። ታች ሜዳው ላይ ስንደርስ ሰው ጃኬቱን ማውለቅ ይጀምራል። ያን ሁሉ ጊዜ ጃኬት ሳወልቅና ስለብስ ይህ ነገር ንግድ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በዚያው ኅዳር አሥር ድሪያ አመጣሁ፤ ስስ፣ አበባ አበባ ያለበት። ደሴ ላይ የጠየቀኝ የለም። አንዷ ጎረቤታችን ጨርቁን በጣቶቿ ዳብሳ "እታለም፣ ይሄን ለብሼ ልሙትልሽ?" አለችኝ። ዓርብ ዕለት በቦርሳ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ምርት ክፍል የሚሠሩት ልጆች ለሦስት ለአራት እየሆኑ አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት፤ ቆርቆሮው ከሰዓት ላይ ይጋላል። በሁለት ምሳ ሰዓት አሥሩም አለቁ።

ከዚያ ወዲህ ቻናሌ ላይ ሁለት ቃል አለ፤ "ላይ" እና "ታች"። ብርድ ልብስና ሹራብ ላይ። ድሪያ፣ ነጠላ ጫማ፣ ስስ አንሶላ ታች። ላይ ያልሄደ ዕቃ ታች ይወርዳል፤ ታች የቀረ ላይ ይወጣል። ሁልጊዜ አይሰምርም፤ ሠርግ ደሴ ያለባት የኮምቦልቻ ልጅ በግንቦት ካፖርት ልትጠይቀኝ ትችላለች። ግን ማጓጓዣ አልከፍልበትም። ሰርቪሱ እኔን እንደሆነ በየቀኑ ያመላልሰኛል። ሹፌሩ አንድ ፌስታል እግሬ ሥር ባየ ቁጥር "ዛሬ ደግሞ ማንን ልታለብሺ ነው?" ይለኛል።

በዓል ደግሞ አለ። የወሎ ነጋዴ በዓሉ ድርብ ነው። የመጀመሪያው ዓመቴ ላይ፣ ሚያዝያ 2015፣ ፋሲካ 8 ቀን ዋለ፤ በዚያው ሳምንት ዒድ ተከተለ። ጎረቤቶቻችን ግማሹ ለዚህ ግማሹ ለዚያ፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ለሁለቱም ልጅ ያለብሳል። ያመጣሁት የልጆች ልብስ በሙሉ አለቀ፤ ሰባቱ የሕፃናት ሹራቦች ሲቀሩ። ሚያዝያ ላይ ማን ሹራብ ይገዛል።

አሁን ስለማይመች ነገር ልጻፍ። እኔ የሰው ደመወዝ አውቃለሁ። ማን ስንት እንደሚያገኝ፣ ማን ብድር እንዳለበት፣ ማን በፍርድ ቤት ለልጅ ቀለብ እንደሚቆረጥበት አውቃለሁ። ደመወዝ የሚገባበትን ቀንም ከማንም ቀድሜ አውቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ ዕድል ነበር ያየሁት። ደመወዝ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አዲስ ዕቃ ፖስት አደርጋለሁ፤ ይሸጣል። አንድ ቀን ግን አንዲት የስፌት ክፍል ልጅ ቢሮዬ መጣችና "ብርድ ልብሱን ስጪኝ፣ ከደመወዜ ትቆርጪዋለሽ" አለችኝ። በቀልድ አይደለም። እሷ እኔን የምታውቀኝ በመቁረጥ ነው። ፊቴ ጋለ። የልጅቷ የተጣራ ደመወዝ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብርድ ልብሱ ከግማሹ ይበልጣል። አልሸጥኩላትም። ደህና አድርጋ ተቀየመችኝ፤ "ለሌላው ትሸጫለሽ አይደል?" አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ውስጥ በዱቤ አልሸጥም፣ ደመወዝ ሊገባ ሲልም ፖስት አላደርግም። ሰው ገንዘቡን ቤቱ አስገብቶ፣ አስቤዛውን ገዝቶ፣ ከዚያ ከተረፈው ይምጣ። ሽያጬ ቀንሷል። ግን ፊት ለፊቴ ቆሞ ደመወዙን የሚጠይቀኝን ሰው ቀና ብዬ ማየት አለብኝ።

አለቃዬም አንዴ ይዞኛል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ "የቀይዋ ሳይዝ አለ?" ለሚል መልእክት ስመልስ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። አልጮኸም። "ቀይዋ ለኔ ልጅ ትሆናለች?" ብሎ ሄደ። ከጩኸት የባሰ ነገር ነው። አሁን መልስ የምሰጠው በሰርቪስና በምሳ ሰዓት ብቻ ነው። ቻናሉ ላይም ጽፌዋለሁ። "ሥራ ላይ ነኝ፤ ከ11 ሰዓት በኋላ እመልሳለሁ።" የሚቸኩል ሌላ ቦታ ይገዛል። ግድ የለም።

እኔ ሥራ ስሆን ታዲያ ቤት ውስጥ ትልቋ ሻጭ እማ ናት። ቴሌግራም የላትም፤ ጀበና አላት። ከሰዓት ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይሰበሰባል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ አልጋ ስር ያለው ነገር አንድ በአንድ ይወጣና በእጅ ይዞራል። እኔ በ20 ፎቶ የማልሸጠውን እሷ "ኧረ ላንቺማ ልክ ነው" ብላ ትሸጠዋለች። ችግሩ ዋጋ ነው። ማታ ስገባ፦

"እማ፣ ግራጫው ብርድ ልብስ የታለ?"

"እትዬ ወሰደችው።"

"ስንት ከፈለች?"

"ኧረ ትሰጣለች፣ አብሽሪ!"

መቼ? ስንት? አይጻፍም። እማ ዱቤ አትጽፍም። "የሰው ስም ወረቀት ላይ አስፍሬ!" ትላለች፣ ስድብ እንደሆነ ሁሉ። የሚገርመኝ ግን አንድም ሰው በልቶባት አያውቅም። በደብተርና በስክሪንሾት የተበላሁት እኔ ነኝ።

እሱን ልንገራችሁ። አንድ ጥር ላይ ነው፣ ወሩ 25፤ ደመወዝ እየዘጋሁ ነበር። አንዱ ሁለት ብርድ ልብስ አዘዘ፤ 2,800 ብር። ስክሪንሾት ላከ። ስሜ አለ፣ የሒሳብ ቁጥሬ የመጨረሻ አሃዞች አሉ፣ ቀኑም ሰዓቱም አለ። ለእማ ደወልኩ፤ ባጃጁ መጥቶ ወሰደ፤ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር አደረሰ። ማታ ሒሳቤን ከፈትኩ። ምንም የለም። ስልኩ ዝግ። ባጃጅ ነጂው ያደረሰበትን ቦታ አውቃለሁ ብሎ ይዞኝ ዞረ። መንገድ ላይ የተቀበለው አንድ ልጅ ነው፤ በር አልነበረውም። ሊመልሰኝ ሲል "እህቴ፣ የዛሬው ሒሳብ ይቅር" አለኝ። ከፈልኩት። የኔን ኪሳራ እሱ ለምን ይሸከማል?

አሁን ፎቶ አልቀበልም። የባንክ የሚመስል አጭር መልእክትም አላምንም፤ ከተራ ስልክ ቁጥር የባንክን አጻጻፍ አስመስለው የሚልኩ አሉ። ባንክም ይሁን ቴሌብር፣ የራሴን ሒሳብ እኔ ራሴ ከፍቼ ብሩ ገብቶ ካላየሁ ዕቃ ከቤት አይወጣም። ቅር የሚለው ደንበኛ አለ። "አታምኚኝም?" ይላል። "አምንሃለሁ፣ ስልኬን ነው የማላምነው" እለዋለሁ።

ከሁሉም ደንበኞቼ የምወዳቸው ግን ደሴም ኮምቦልቻም የሉም። ዓረብ አገር ናቸው።

እንዲህ ሆነ። ብርድ ልብስ ሳጣጥፍ አንድ ቲክቶክ ሠራሁ፤ ድምፅ እንኳን የለውም። 11 ሺህ ሰው አየው። ከጅማ ይጠይቁኛል፣ ከሐዋሳ ይጠይቁኛል፤ የገዙት ሁለት ናቸው። ይሄ ቲክቶክ የሚሉት ነገር ሰው ያበዛል እንጂ ከአንጀት ጠብ አይልም ብዬ ልተወው ስል አንዲት ልጅ ከጅዳ ጻፈችልኝ። "ሐቢብቲ፣ እናቴ ኩታበር ናት። ይሄን ብርድ ልብስ ታደርሺልኛለሽ?" የወሎ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ዓረብ አገር የሌለው ጥቂት ነው። ብር ይልካሉ። ብሩ ግን ለማዳበሪያ፣ ለዕዳ፣ ለወንድም ትምህርት ይሄዳል። እናትየዋ ለራሷ ብርድ ልብስ አትገዛም። ልጅቷ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ብር ሳይሆን ብርድ ልብሱ ራሱ እንዲሄድላት ነው የምትፈልገው።

ወንድሟ ብሩን ሒሳቤ ውስጥ አስገባ። ቅዳሜ ከሰዓት ኩታበር ሄድኩ። ቅርብ ነው። እናትየዋ በር ላይ ቆመው ማን እንደሆንኩ አላወቁም። ብርድ ልብሱን ሳወጣ "አልገዛም ልጄ፣ ገንዘብ የለኝም" አሉኝ። ከልጅዎ ነው ስላቸው ቁጭ አሉ። ዳበሱት። "እዚያ ይበርዳታል እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ብርዱ ለእሳቸው ነው፤ የሚያስቡት ግን ለእሷ ነው። አስፈቅጄ ፎቶ አነሳኋቸው፣ ድምፃቸውንም ቀድቼ ላክሁላት። ያችን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ውስጥ ቃል የለም። ለቅሶ ብቻ ነው።

በሳምንቱ ሰባት ጓደኞቿ ጻፉልኝ። እናቶቻቸው ሐይቅ፣ ባቲ፣ ገራዶ ናቸው። እነሱ ዋጋ አይከራከሩም፤ "የመጨረሻ ስንት?" የሚባል ነገር የለም። የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። "ፊቷ እንዴት ነው? ከስታለች? ቤቱ ያፈሳል?" አንዳንዴ ዕቃው ሰበብ ይመስለኛል። ለማድረሻ ትራንስፖርቱንና 100 ብር ጨምሬ አስከፍላለሁ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ጓደኛዬ "ቅዳሜሽን ነው የሸጥሽው" ብላ ስትቆጣኝ ነው የጀመርኩት።

ሐምሌ መጨረሻ 2015 ላይ ደግሞ የሞባይል ዳታ ተዘጋ። ለወራት። ያኔ ቻናሌ 640 ሰው ነበረው፤ በአንድ ቀን 640ውም ዝም አለ። መጀመሪያ ንግዱ አለቀ ብዬ ነበር። ከዚያ ዜንደር የሚባለው አፕ ትዝ አለኝ፤ እሱ ዳታ አይፈልግም። የዕቃውን ፎቶ ሁሉ ቁጥር ሰጥቼ አንድ ላይ አደረግሁና ሰርቪስ ላይ ከስልክ ወደ ስልክ ላክሁ። እነሱም ለጎረቤት ላኩ። አንድ ቀን ከሐይቅ የማላውቃት ሴት በተራ ስልክ ደውላ "14 ቁጥር አለ?" አለችኝ። ፎቶው እንዴት እዚያ እንደደረሰ እሷም አታውቅም። ሽያጩ በግማሽ ቢቀንስም አልሞተም።

የዓረብ አገር ልጆቹን ግን በዜንደር ማግኘት አይቻልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ ዋይፋይ ያለበት ካፌ እየሄድኩ በአንድ ሻይ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ። መልእክቱ በአንድ ጊዜ ይዘንባል። አንዴ ከዚያ መሃል የሦስት ሳምንት መልእክት አገኘሁ። "እማዬ አሟታል አሉኝ፤ ስልክ አይነሳም። አንዴ ሄደሽ እይልኝ።" ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ደህና ነበሩ፤ ስልካቸው ነው የተበላሸው። ካፌው ሊዘጋ ሲል ተመልሼ ላክሁላት። ያ ቀን በደብተሬ ላይ ሽያጭ የለውም።

ሌላው ጉድ ሐምሌ 2016 ነው። ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኔ ከዚያ በፊት 15 ብርድ ልብስ በ1,150 አምጥቼ ነበር። ክረምት ነው፣ ደሴ ነው፤ በ1,450 ሸጥኩ። ሱቆቹ ዋጋ ሲጨምሩ እኔ ስላልጨመርኩ ሰው ተሻማበት፤ በዘጠኝ ቀን አለቀ። ከአንዱ 300፣ ከ15ቱ 4,500 ብር አተረፍኩ ብዬ ተኮፈስኩ። ከዚያ መርካቶ ደወልኩ። "ዋጋ አልወጣም፣ ነገ ደውዪ።" ነገ ደወልኩ። "ነገ ደውዪ።" በሳምንቱ ዋጋው ወጣ፤ 1,600። ያው 15 ብርድ ልብስ 24,000 ብር ሆነ። እጄ ላይ ያለው የሽያጩ ብር በሙሉ 21,750 ነው። ትርፌን ይዤ 2,250 ጎደለኝ። ደግሞ ጎደለኝ! ያኔ ነው እዚሁ ደሴ ሸዋ በር ያሉት ነጋዴዎች ለምን "ዕቃው የለም" እያሉ መጋረጃ እንደሚጋርዱ የገባኝ። ስረግማቸው ነበር። አሁንም ደስ አይለኝም፣ ግን ሒሳቡ ይገባኛል። ዛሬ ዋጋ የምተምነው በገዛሁበት ሳይሆን ነገ በምገዛበት ነው።

ከእነዚሁ ነጋዴዎች አንዱ፣ እማን የሚያውቅ ሽማግሌ፣ አንዴ መንገድ ላይ አስቁሞኝ "ልጄ፣ እኛ ኪራይ አለብን፣ ግብር አለብን፤ አንቺ አልጋ ስር ነሽ" አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን ማታ አልተኛሁም። የሰው ግብር እየቆረጥኩ የምውል ሰው ነኝ። 2017 ላይ ንግድ ፈቃድ አወጣሁ፤ ደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ሆንኩ። ለሽማግሌው ሄጄ ነገርኳቸው። "ጎሽ፣ አሁን አብረን እንማረራለን" አሉኝ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ነገር ሞከርኩ። ለራሴ የሰዓት መቆጣጠሪያ ሠራሁ፤ ለሠራተኞቹ እንደምሠራው። ለንግዱ ያዋልኩትን ጊዜ በሙሉ ጻፍኩ፦ መልእክት መመለስ፣ ፎቶ፣ መነኸሪያ፣ ባጃጅ፣ የጠፋ ቤት ፍለጋ። ወሩ ሲያልቅ 70 ሰዓት። ትርፉ 2,310 ብር። በሰዓት 33 ብር! የፋብሪካው ደመወዜ በሰዓት ሲሰላ 45 ገደማ ነበር። ለራሴ ከፋብሪካው ያነሰ እየከፈልኩ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ያለ ጡረታ።

ሰዓቱን የበላው ምን እንደሆነ ሳይ ሳቄ መጣ። ዋጋው ፎቶው ላይ ተጽፎ እያለ "ስንት ነው?" ለሚል ሰው መመለስ። ከዚያ 15 ብር ለማትረፍ ካልሲ ማድረስ። ካልሲ ተውኩ። ቤት ለቤት ማድረስም ተውኩ፤ ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ፒያሳ፣ በአዘቦት ቀን ኮምቦልቻ ፋብሪካው በር ላይ በምሳ ሰዓት፤ የፈለገ ይመጣል። ለእናቶች ብቻ ነው ቤት ድረስ የምሄደው። በሚቀጥለው ወር ትርፌ ወደ 1,950 ወረደ። ሰዓቱ ግን 31 ሆነ። በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ እሁድን ተኝቼ ዋልኩ።

ያዋጣል ወይ ለሚሉኝ፣ ወንድሜ ተመርቋል፤ የመጨረሻ ሁለት ዓመቱን ወጪ ይሄ ነው የሸፈነው። ሥራዬን ግን አልለቅም። መንገድ ሲዘጋ፣ ዳታ ሲጠፋ፣ ዋጋ ሲያብድ ቤቱን የያዘው ደመወዙ ነው።

ሰባቱ ሹራቦች? ስድስቱ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ተንጠባጥበው ሄዱ። ሁለቱን በ300፣ ከዋጋው በታች። አንዷ፣ ቢጫዋ፣ ቀረች። በየጥቅምቱ ፖስት አደርጋታለሁ፤ ማንም አይጠይቃትም።

ባለፈው ወር የሰርቪሱ ሹፌር ሚስት ወለደች። ስምንት ዓመት የጠበቁት ልጅ ነው። ሰርቪሱ በሙሉ ብር አዋጥቶ እሁድ ሆጤ ቤታቸው ሄድን። ገንፎ ቀረበ። እኔ ከመዋጮው ሌላ ቢጫዋን አስጠቅልዬ ይዤ ነበር። ሹፌሩ ፈታና ወደ ላይ አንጠልጥሎ አያት።

"ይቺ ያቺ ቢጫዋ አይደለችም እንዴ?" አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ለካ ሁሉም ያውቋታል።

ማታ ደብተሬን አወጣሁ። የት እንደምጽፋት ቸገረኝ። ሽያጭ አይደለች፣ ኪሳራም ማለት ከበደኝ። ወጪ የሚለው ላይ "1 ሹራብ፣ አራስ ጥየቃ፣ 310" ብዬ ጻፍኩ። እማ በትከሻዬ በኩል አጮልቃ አየች።

"ለአራስ የሰጡትም ይጻፋል እንዴ?" አለችኝና ጀበናዋን ልታጥብ ወጣች።